የጉድጓድ መዘውር፤ አሠራሩ፣ አያያዙና ቁጥሩ

(ለመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ከወጣሁ ጀምሮ በዳንግላ አካባቢ ቀን ልጆችን፣ ማታ ደግሞ የልጆቹን እናቶችና አባቶች አስተምራለሁ። ደብተርና እርሳስ ያላችሁ አቅርቡ፤ ዛሬ ቁጥር አለብን። ብዙ አይደለም፤ የስድስትን ማባዛት የሚያውቅ ሁሉ ይከተለኛል።

የዛሬው ንግግሬ ስለ ጉድጓድ መዘውር ነው። መዘውር ስል በጉድጓድ አፍ ላይ በሁለት ባላ የተጋደመውን፣ ገመድ የሚጠቀለልበትንና ጫፉ ላይ በእጅ የሚዞር እጀታ ያለውን ግንድ ማለቴ ነው። አንዳንድ ሰው ይህንን ከበከራ ጋር ያደባልቀዋል። በከራ ገመዱ በላዩ ላይ የሚያልፍበት ትንሽ ጎማ ነው። ሰውየው ገመዱን ወደ ታች ሲስብ ባልዲው ወደ ላይ ይመጣል። የሚሳበው ክብደት ግን አልቀነሰም፤ ባልዲው 11 ኪሎ ከሆነ ሰውየውም 11 ኪሎ ይስባል። በከራ አቅጣጫውን ብቻ ነው የሚለውጠው። በጉድጓድ አፍ ላይ ጎንበስ ከማለት ያድናል፤ ለወገብ ይኸም ቀላል ነገር አይደለም። መዘውር ግን ከዚህ አልፎ ሸክሙን ራሱን ያቀልላል።

ማቅለሉ ከየት መጣ? ተአምር አይደለም። ገመዱ የሚጠቀለልበት ግንድ ከመካከሉ እስከ ጠርዙ 9 ሳንቲሜትር ተኩል ነው እንበል። እጀታው ደግሞ ከግንዱ መካከል እስከ እጃችን ድረስ 38 ሳንቲሜትር ይሁን። 38 ለ9 ተኩል ሲካፈል 4 ይሆናል። ስለዚህ በእጃችን የሚሰማን ክብደት ከባልዲው አንድ አራተኛ ነው። ባልዲው 10 ሊትር ውኃ ከያዘ ውኃው 10 ኪሎ፣ ባልዲው ራሱ አንድ ኪሎ ያህል፣ በጠቅላላው 11 ኪሎ ነው። ለአራት ስናካፍለው ሦስት ኪሎ አይሞላም። ግንዱ ባላውን ሲፈትግ የሚበላው ጉልበት ስላለ ሦስት ኪሎ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ይሰማናል። አሥራ አንዱን ኪሎ በሦስት ኪሎ ጉልበት አወጣነው ማለት ነው።

ነገር ግን ነጻ ነገር የለም። ግንዱ አንድ ጊዜ ሲዞር ባልዲው 60 ሳንቲሜትር ይወጣል፤ እጃችን ግን ያንኑ አንድ ዙር ለመዞር 2 ሜትር ከ40 ያህል ይሄዳል። ውኃው 12 ሜትር ላይ ከሆነ 20 ዙር ያስፈልጋል፤ እጅ 48 ሜትር ተጓዘ ማለት ነው። በጉልበት የተቀነሰልንን በመንገድ እንከፍላለን። «እንግዲያው እጀታውን አንድ ሜትር እናድርገውና ጨርሶ ይቅለልልን» ያሉኝ አንድ ተማሪዬ ነበሩ። አይሆንም። እጀታው ሲረዝም እጅ ወደ ላይ ከራስ በላይ ይሄዳል፤ ወደ ታች ደግሞ መሬት ይነካል። ግንዱን ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ እጀታውን 40 ሳንቲሜትር ገደማ ማድረግ ለአዋቂም ሆነ ደርሳ ለምትቀዳ ልጅ ይስማማል።

ይህ ነገር የዛሬ ፈጠራ አይደለም። አል ጀዘሪ የተባለው የመካከለኛው ምሥራቅ መሐንዲስ በ1206 እ.ኤ.አ. በጻፈው የመሣሪያዎች መጽሐፍ ውስጥ በውኃ ማውጫው ላይ የእጀታን አሠራር ሥሏል። በ1556 እ.ኤ.አ. የታተመው የጀርመናዊው የአግሪኮላ የማዕድን መጽሐፍ ደግሞ ሠራተኞች በእጀታ መዘውር ከጉድጓድ ሲያወጡ ያሳያል። ከዚያው መጽሐፍ ውስጥ ስላለ ሌላ ነገር ቆይቼ አነሣለሁ።

አሁን ወደራሴ ጉዳይ ልግባ። በ1992 ዓ.ም. የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ በግቢያችን ጉድጓድ ላይ መዘውር ሠራ። ግንዱ የባሕር ዛፍ፣ እጀታው የተቆለመመ ቶንዲኖ ነበር። መንደሩ ሁሉ መጥቶ አየው። እናቴ በ1970ዎቹ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደልና ቁጥር የለየች ስለሆነች ባልዲው በስንት ዙር እንደሚወጣ ትቆጥርና በግድግዳው ላይ በከሰል ታሰምር ነበር። ለምን እንደምታሰምር ያኔ አልገባኝም።

አንድ ቀን ጠዋት ባልዲው ጉድጓዱ አፍ ላይ ደረሰልኝ። አንድ እጄን ከእጀታው ለቅቄ ባልዲውን ለመያዝ ዘረጋሁ። የቀረው እጄ አልቻለም፤ እጀታው አመለጠኝ። ሙሉ ባልዲ ወደ ታች ሲወርድ እጀታው ወደ ኋላ ምን ያህል እንደሚፈጥን ያየ ያውቀዋል፤ ዓይን አይከተለውም። ክንዴን ከክርኔ በታች መታኝ፤ ተሰበረ። ወጌሻ አሰረኝ፤ ሲድን ግን ጠመም ብሎ ዳነ። ዛሬም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም፤ ከሰሌዳው ላይኛው ጫፍ መጻፍ ሲኖርብኝ ወንበር ላይ የምቆመው ለዚህ ነው። የዚያን ዓመት ትምህርቴን አቋርጬ አራተኛ ክፍልን ደገምኩ።

እናቴ በማግሥቱ መጥረቢያ አንሥታ መዘውሩን ፈልጣ አነደደችው። ከዚያ በኋላ ለአራት ዓመት እኔና እኅቴ በገመድ በእጃችን እየሳብን ቀዳን። ከእኔ ክንድ የተነሣ አብዛኛውን የሳበችው እኅቴ ናት፤ መዳፏ እንደ ገበሬ መዳፍ ሻክሮ ነው ያገባችው። እናቴን አልወቅሳትም። ልጇን የመታ ነገር ነው።

ታሪኩን የማወራው ለማሳዘን አይደለም። ማሠልጠኛ ተቋም ገብቼ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ስንሠራ፣ አንድ ቀን መምህራችን ጥርስ ያለው ትንሽ ጎማና በላዩ ላይ የምትወድቅ አንዲት የብረት ምላስ አሳዩን። ጎማው ወደ አንድ ወገን ሲዞር ምላሷ ጥርሶቹን እየዘለለች ጢቅ፣ ጢቅ ትላለች። ወደ ሌላው ወገን ልዙር ሲል ጥርሱ ውስጥ ገብታ ትይዘዋለች። ነገሩ ይኸው ብቻ ነው። ባየሁት ጊዜ አለቀስኩ ብል ውሸት ይሆናል፤ ተናደድኩ እንጂ። የአንድ እጅ ስፋት በሆነች ምላስ ምክንያት ክንዴም፣ የእኅቴ አራት ዓመትም ሄደ።

ስለዚህ መዘውር የሚሠራ ሰው ይህንን ሳያደርግ ገመድ እንዳያስር አደራ እላለሁ። ከወፍራም ጣውላ ከግንዱ የሰፋ ክብ ቁረጡ። ዙሪያውን ስምንት ጥርስ አውጡለት፤ ጥርሶቹ እንደ መጋዝ ጥርስ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያዘንብሉ። ይህንን ክብ በግንዱ ጫፍ ላይ በቡሎን አጥብቃችሁ እሰሩት፤ በምስማር ብቻ አይበቃም፤ ምስማር ይላቀቃል። ምላሷን ከጠንካራ እንጨት ወይም ከብረት ሠርታችሁ በባላው ላይ በአንድ ቡሎን አንጠልጥሏት፤ በራሷ ክብደት ጥርሱ ላይ የምትወድቅ ትሁን። ባልዲው ሲወጣ ምላሷ በራሷ ትሠራለች፤ እጀታውን ድንገት ብትለቁት እንኳ ባልዲው የትም አይሄድም። ባዶ ባልዲ ስታወርዱ ግን ምላሷን ወደ ኋላ ገልብጣችሁ እጀታውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አውርዱ። እጀታውን ለቅቆ በራሱ እንዲወርድ ማድረግ ልጆች የሚወዱት ጨዋታ ነው፤ ከልክሏቸው። ባልዲው ውኃው ላይ እንደ ደረሰ ምላሷን መልሱ። የቆማችሁበት ቦታም ከእጀታው ዙር ውጭ፣ በጎን በኩል ይሁን እንጂ ፊታችሁን ወደ እጀታው አታስጠጉ።

ግንዱ ባላው ላይ የሚያርፍበት ቦታ በየሳምንቱ ግራሶ ወይም ያገለገለ የሞተር ዘይት ይቀባ። ይህንን ስታደርጉ ታዲያ ዘይቱ ወደ ጉድጓዱ እንዳይንጠባጠብ ከሥሩ ጨርቅ ያዙ። ያለ ቅባት የሚሠራ መዘውር በአንድ በጋ እንጨቱን በልቶ ይጨርሰዋል፤ ጩኸቱም ጎረቤት ያስቀይማል።

ሌላው የገመዱ አጠቃለል ነው። ገመዱ በግንዱ ላይ ጎን ለጎን ይጠቅለል እንጂ አንዱ ዙር በሌላው ላይ አይደራረብ። ቢደራረብ ግንዱ የወፈረ ያህል ይሆናል፤ ያን ጊዜ ባልዲው ይከብዳል፤ አሁን ልነግራችሁ ያሰብኩት ቁጥርም ይበላሻል። ከግንዱ ላይ መቼም ቢሆን ሦስት ዙር ገመድ ሳይፈታ ይቅር፤ አለዚያ ክብደቱን የሚሸከመው ቋጠሮው ብቻ ይሆንና አንድ ቀን ይፈታል።

እንግዲህ እርሳሳችሁን አንሡ።

መዘውር ውኃ ማውጫ ብቻ አይደለም፤ መለኪያም ነው። እናቴ በከሰል የምታሰምረው ለዚህ እንደ ነበረ የገባኝ ካስተማርኩ በኋላ ነው። አደራረጉ እንዲህ ነው። ባልዲው ጉድጓዱ አፍ ላይ ሳለ በገመዱ ላይ ቀይ ክር እሰሩ። እጀታውን አንድ ሙሉ ዙር አዙሩና ቀይ ክሩ ምን ያህል እንደ ወረደ በሜትር ለኩ። ግንዱን ብቻ በክር ከመለካት ይህ ይሻላል፤ የገመዱም ውፍረት አብሮ ይቆጠራልና። የኛ ምሳሌ 60 ሳንቲሜትር ነው። ከዚያ በኋላ ባልዲው ውኃውን እስኪነካ ድረስ ስንት ጊዜ እንዳዞራችሁ ቁጠሩ። 10 ዙር ከሆነ 10 ጊዜ 60፣ 600 ሳንቲሜትር፣ ይኸውም 6 ሜትር ነው። የጉድጓዱን ወለል ማወቅ ከፈለጋችሁ ባልዲው ውስጥ ድንጋይ ጨምሩና ገመዱ እስኪላላ ድረስ አውርዱ።

ከተማሪዎቼ አንዲት እናት አሉ፤ ፈቃድ ስላልጠየቅኋቸው ስማቸውን አልጠራም። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ጉድጓድ አስቆፈሩ። ውሉ በሜትር ነበር። ቆፋሪው ሥራውን ሲጨርስ «ሠላሳ ክንድ ቆፍሬአለሁ፤ ሁለት ክንድ አንድ ሜትር ነው፤ የ15 ሜትር ይክፈሉኝ» አላቸው። እሳቸውም ገንዘቡን ቆጥረው ሊሰጡት ተነሥተው ነበር። ማታ ክፍል ሲመጡ ግን የስድስትን ማባዛት ላይ ነበርን። ትምህርቱ ሳያልቅ እጃቸውን አወጡና «መምህርት፤ በእኔ መዘውር 21 ዙር ነው ወለሉን የሚነካው። አንዱ ዙር 60 ነው። ስድስት ጊዜ ሃያ አንድ ስንት ነው?» አሉኝ። መልሱን አልነገርኳቸውም፤ ሰሌዳው ላይ እንዲሠሩት ጠየቅኋቸው። ስድስት ጊዜ ሃያ 120፣ ስድስት ጊዜ አንድ 6፣ በጠቅላላው 126። 12 ሜትር ከ60 ሳንቲሜትር ሆነ። ክፍሉ ዝም አለ።

በማግሥቱ ሽማግሌ ተቀመጠ። ቆፋሪው ተቆጣ። «ዕድሜዬን ሙሉ ጉድጓድ ስቆፍር ማንም ሌባ ብሎኝ አያውቅም» አለ። እውነቱን ነበር። ሴትዮዋም ሌባ አላሉትም፤ «ይለካ» ብቻ ነው ያሉት። ገመዱ ወርዶ በሜትር ተለካ፤ 12 ሜትር ከ60 ሆነ። ታዲያ ሠላሳ ክንድ የት ገባ? ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እስቲ ክንድህን አምጣ» አሉት። ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ ተለካ፤ 42 ሳንቲሜትር። ሰውየው አጭር ነው። 30 ጊዜ 42፣ 1260 ሳንቲሜትር። ያው 12 ሜትር ከ60! ተሳሳቀ ሰው ሁሉ፤ እሱም ሳቀ። በታማኝነት ሠላሳ ክንዱን ቆፍሯል፤ ክንዱ ግማሽ ሜትር አለመሆኑን ግን አያውቅም። ምናልባት በዚያው ክንድ ስንት ሰው ሲከፍለው ኖሯል። የ12 ሜትር ከ60ው ተከፈለውና ቀሪዋን 2 ሜትር ከ40 ውኃው ሲቀንስ፣ በሚያዝያ፣ ሊቆፍርላቸው ተስማሙ። ጉድጓድ የሚጠልቀው በበጋ መጨረሻ መሆኑንም ልብ በሉ፤ በጥቅምት የተቆፈረ ጉድጓድ ውኃ ቶሎ ስለሚገኝ ያታልላል፤ በሚያዝያ ይደርቃል።

እኚሁ እናት ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን አልተዉም። በየወሩ መጀመሪያ፣ ጠዋት ማንም ሳይቀዳ፣ ውኃው በስንት ዙር እንደሚገኝ በደብተራቸው ይጽፋሉ። የመጀመሪያውን ዓመት ልንገራችሁ። ጥቅምት 8 ዙር። ታኅሣሥ 11 ዙር። የካቲት 15 ዙር። ሚያዝያ 19 ዙር። ወለሉ 21 ዙር ስለሆነ በሚያዝያ የቀረው የሁለት ዙር ውኃ ነው፤ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲሜትር።

ይህ ምን ያህል ውኃ ነው? ጉድጓዱ በስፋቱ አንድ ሜትር ከሆነ አንድ ዙር፣ ማለትም 60 ሳንቲሜትር ጥልቀት፣ 470 ሊትር ያህል ይይዛል። 47 ባልዲ ማለት ነው። ሁለት ዙር 94 ባልዲ። በአካባቢያችን ሰው በጉድጓድ ውኃ ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ጌሾ ያጠጣል፤ መልካም ነው፣ ገንዘብ ያስገኛል። ነገር ግን ጌሾ ላጠጣ ተብሎ በሚያዝያ የመጠጥ ውኃ ፍለጋ እንስራ ተሸክሞ ወንዝ የሚወርድ ቤት አውቃለሁ፤ የምትወርደውም ልጅቱ ናት፤ ከክፍሌ የምትጠፋውም እሷው ናት። እኚህ እናት በደብተራቸው ላይ አንድ መስመር አሠመሩ፤ «ከ18 ዙር በታች ለሰውና ለጥጃ ብቻ» ብለው ጻፉበት። በየካቲት 15 ሲደርስ የጎመኑን ውኃ በግማሽ ቀነሱ፤ መስመሩ ጋ ሲደርስ አቆሙ። ጎረቤቶቻቸው ጎመኑ ሲጠወልግ «ምን ነካቸው?» ብለው ነበር። ልጃቸው በዚያ ሚያዝያ አንድም ቀን ከትምህርት ቤት አልቀረችም፤ የመቅሪያ መዝገቡን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ለዚህ ድምፄን ከፍ ባደርግ አትፍረዱብኝ። ባልዲ ሲወድቅ ማንም ሰው ጉድጓድ ውስጥ እንዳይገባ። ገመድ ላይ ሜንጦ አስራችሁ በመዘውሩ አውርዱና በዝግታ እያንቀሳቀሳችሁ አጥምዱት። አንድ ሰዓት ቢፈጅ ይፍጅ፤ ባልዲ እንደሆነ ይገዛል። በጉድጓድ ግርጌ የማይታይ፣ ከባድ፣ መጥፎ አየር ሊጠራቀም ይችላል፤ በተለይ ተከድኖ በቆየ ጉድጓድ። የገባው ሰው ሳይጮኽ ይወድቃል። ሊያወጣው የሚገባው ሁለተኛ ሰውም አብሮት ይቀራል። ሻማ ወይም ፋኖስ አውርዶ ማየት የቆየ ልማድ ነው፤ ከጠፋ በፍጹም አይገባም። ሳይጠፋ ቢቀር ግን «ደኅና ነው» ማለት አይደለም። የቤንዚን ሞተር ፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ማስነሣት ደግሞ ሞትን መጥራት ነው፤ ጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ አለ። ለማጥለቅ ወይም ለመጥረግ የግድ መግባት ካለበት ሙያው ያለው ሰው፣ በወገቡ ገመድ ታስሮ፣ ከላይ ሁለት ብርቱ ሰዎች ይዘውት ይግባ።

ከአግሪኮላ መጽሐፍ አነሣዋለሁ ያልኩት ነገር አሁን ነው። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ በሰንሰለት ላይ ኳሶች ታስረው፣ በቱቦ ውስጥ ሽቅብ እየተሳቡ ውኃውን ከፊታቸው ገፍተው የሚያወጡበት መሣሪያ ተሥሏል። የዛሬው የገመድ ፓምፕ የዚያው ዘር ነው። በኒካራጓ አገር ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገበሬው ዘንድ በስፋት ተሰራጨ፤ ወደ አገራችን የገባው በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ነው። በቀድሞው የደቡብ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት፣ ጃይካ የሚባለው፣ ይህንን ፓምፕ ለማሻሻልና ለማሰራጨት ሠርቷል። በእኛም በኩል በዳንግላ ዙሪያ ገበሬዎች ሞክረውታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ ተያይዘው የተቋጠሩ አንድ ረጅም ናይለን ገመድ አለ። በገመዱ ላይ በየሜትሩ ገደማ ትንንሽ ክብ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ቁራጮች ተሰክተዋል። ገመዱ በላይ በኩል በእጀታ የሚዞር ጎማ ላይ ያልፋል፤ ይህ ጎማ ከአሮጌ ኮፐርቶን ጠርዝ የሚሠራ ነው። በታች በኩል ውኃው ውስጥ ዞሮ በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። ቁራጮቹ ቱቦውን ለጥቂት ብቻ የማይነኩ ስለሆኑ ውኃውን ደረጃ በደረጃ ተሸክመው ያመጡታል። ውኃው 10 ሜትር ላይ ከሆነ አንድ አዋቂ በደቂቃ ከ30 እስከ 40 ሊትር ያወጣል። በመዘውርና በባልዲ በዚያው ጊዜ 10 ሊትር ካወጣችሁ ጎበዝ ናችሁ። ከዚህም በላይ ጉድጓዱ ስለሚከደን ባልዲም፣ የቆሸሸ እጅም፣ የዶሮ ኩስም አይገባበትም።

እንግዲህ «የትኛው ይሻላል?» ለምትሉኝ የራሴን ሐሳብ ልናገር። በሰዓት መንገድ ውስጥ በያጅና መለዋወጫ ገመድ የሚገኝበት ሰው የገመድ ፓምፕ ያስተክል። ይህ የሌለው ግን ጥርስና ምላስ ያለው መዘውር ይበቃዋል። የገመድ ፓምፕ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ገመዱ ይላላል፣ ያልቃል፤ ቁራጮቹ ይበላሉ፤ ያን ጊዜ ማን ይጠግነዋል የሚለው ሳይታሰብ የተተከለ ብዙ ፓምፕ ቆሞ አይቻለሁ። አንዱ ላይ ዶሮ አድራበት ነበር። መዘውር ግን ሲሰበር ባላና ግንድ ከደጅ ይገኛል። ፓምፕ ያላችሁ ደግሞ በደብተራችሁ ገመዱ የተቀየረበትን ቀን ጻፉ፤ ሁለት ጊዜ ከቀየራችሁ በኋላ ሦስተኛው መቼ እንደሚያልቅ ከወዲሁ ታውቃላችሁ፤ ገመዱንም ሳይበጠስ ትገዛላችሁ።

ስለ ንጽሕና ባጭሩ ልበል፤ ሌላ ጊዜ በሰፊው እመለስበታለሁ። መጸዳጃ ቤት ከጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ በቁልቁለቱም በኩል ይሁን። የጉድጓዱ አፍ በድንጋይና በሲሚንቶ ከፍ ይበል፤ ክዳን ይኑረው። ለመቅጃ አንድ ባልዲ ብቻ ይመደብ፤ እሱም መሬት አይነካም፤ መዘውሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይደር። የሚጠጣው ውኃ ይፈላ ወይም ክሎሪን ይጨመርበት።

ለቤት ሥራ አንድ ነገር እሰጣችኋለሁ። መዘውር ያላችሁ የገመዳችሁን አንድ ዙር ለኩና በደብተራችሁ የመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፉ። ነገ ጠዋት ማንም ሳይቀዳ ውኃው በስንት ዙር እንደ ተገኘ ከሥሩ ጻፉ፤ ቀኑንም አትርሱ። መዘውር የሌላችሁም በገመድ የምትስቡ በየሜትሩ ክር ቋጥራችሁ ክሮቹን ቁጠሩ። አመቻቾች ቁጥሩን አትሥሩላቸው፤ ራሳቸው ያባዙት።

እናቴ ዛሬ አርጅታለች። ባለፈው ዓመት በዚያው በድሮው ጉድጓድ ላይ ጥርስና ምላስ ያለው መዘውር አስተከልኩላት። እጀታውን ለመንካት ሁለት ሳምንት ፈጀባት። በሦስተኛው ሳምንት ስሄድ ግድግዳው ላይ አዲስ የከሰል ሠረዝ አየሁ፤ ዘጠኝ ነበር፤ ቆጠርኩት።